የማይስት ጠመንጃ

ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ ለቡሄ ፈቃድ ወስዶ መጣ። ጉና ሥር ያለው መንደራችን ክረምቱን ጭጋግ ውስጥ ነው የሚከርመው፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ልጆች ጅራፋቸውን ይዘው ሜዳ ይወጣሉ። እኛ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እናቴ የጋገረችውን ሙልሙል እየገመጥን ነበር። ከልጆቹ አንዱ ጅራፉን አዙሮ አዙሮ አጮኸው። የአጎቴ ልጅ ሙልሙሉን ጥሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ማንም አልሳቀም። ራሱ ነው በኋላ የሳቀው። «እትዬ፣ እኮ አንድ ነገር ነው» አለኝ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ይፈጥናል፤ ጥይትም ከድምፅ ይፈጥናል። ሁለቱም እንደዚያ የሚጮኹት ለዚህ ነው።» ከዚያ ያልጠየቅኩትን ጨመረልኝ፦ ከሩቅ የተመታ ሰው የተኩሱን ድምፅ አይሰማም፤ ጥይቱ ቀድሞ ይደርሳል።

ሥልጠና ላይ የተማረው ነው። የአጎቴ ልጅ ፖሊስ ነው፤ ፖሊስ ብቻም አይደለም፣ አልሞ ተኳሽ ነው። ለዚያ ሥልጠና ሲመረጥ «ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ የጠየቀው እኔን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስለተማርኩ መሰለኝ፤ እኛ ቤት መጽሐፍ ያነበበ ሰው መልስ ያለው ይመስላቸዋል። እኔም ምን ከዳኝ፣ መለስኩለት። «ሂድ» አልኩት። ያኔ የሰጠሁት ምክንያት እስከ ዛሬ ስሕተት ሆኖ አላገኘሁትም። ግን እንቅልፍ ይነሣኛል፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ምክንያቴ ከከተማ የመጣ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ልክ በቡሄ ሰሞን፣ የሰሜኑ ጦርነት ጉና ደርሶ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመታች። አንዱ ያረፈው መኖሪያ ቤት ላይ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች አብረው አለቁ። ያን መሣሪያ የተኮሰው ሰው ቤቱን አላየውም፤ ቡና ይፈላበት፣ ልጅ ይተኛበት አያውቅም። «ወደዚያ» ነው የተኮሰው። ክላሽም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚተኮሰው «ወደዚያ» ነው። ሠልጥኖ ያልጠገበ ሰው ጣቱን ሳያነሣ ሲለቀው የመጀመሪያዋ ጥይት ካሰበው ቦታ ብትሄድ፣ ተከታዮቹ አፈሙዙን ወደ ላይ እያነሡት ማን ቤት እንደሚገቡ እግዜር ይወቅ። እንግዲህ ከሚረጭ ሰው የሚያይ ሰው አይሻልም? የሚገድለውን አንድ ሰው ብቻ ከሚገድል ሰው ይልቅ ለመንደር የሚተርፈው የትኛው ነው? ለአጎቴ ልጅ ያልኩት ይህንን ነው። ደግሞም «አንተ ብትቀር ያ ጠመንጃ ሥራ አይፈታም፤ ካንተ የባሰ ሰው ይይዘዋል» አልኩት።

ይህች ሁለተኛዋ ምክንያት ታሪክ አላት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1973 እ.ኤ.አ. ያነሣው አንድ ሰው አለ፤ ጆርጅ ይባላል፣ የፈጠራ ሰው ነው። ኬሚስት ነው፣ ሥራ አጥቷል፣ ልጆች አሉት። የኬሚካልና የባዮሎጂ ጦር መሣሪያ የሚመረምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራ ይገኝለታል። እሱ ቢተወው ቦታውን የሚይዘው ሥራውን ከልቡ የሚወድ፣ ምርምሩን በጉጉት የሚያፋጥን ሌላ ሰው ነው። ጆርጅ ይቀበል? ሒሳቡ ይቀበል ይላል። ዊልያምስ ደግሞ «ቆይ» ይላል፤ ሰው የራሱ ሕይወት የተሠራበት ነገር አለ፣ ሌላ ሰው ስለሚያደርገው ነገር ተብሎ ከዚያ ሊነቀል አይገባም ነው ነገሩ። እኔ ፈተና ላይ ዊልያምስን ደግፌ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። የገዛ ዘመዴ ሲጠይቀኝ ግን ከሒሳቡ ጋር ሆንኩ። ወረቀት ላይ ጆርጅን ማስቀረት ቀላል ነው፤ ደሞዝ የሚጠብቁ እናት አባት አጠገባችሁ ሲቀመጡ ሌላ ነው።

በእኛ አገር «አልሞ ተኳሽ» የሥራ መደብ ከመሆኑ በፊት ሙገሳ ነበር። ጀግና ሲነሣ፣ ሲሞትም ሲለቀስለት፣ ስሙ ላይ የሚለጠፍ ቃል ነው። አያቴ ምንሽር ነበራቸው። በዓመት በዓል ጎረምሶች ቅል ሰቅለው ሲወራረዱ እሳቸው ዳር ተቀምጠው ያያሉ፤ ሁሉም ከሳቱ በኋላ ተነሥተው አንዴ ይተኩሱና ይቀመጣሉ። አንዴ ብቻ። ጥይት ውድ ስለነበረም ጭምር ነው፤ ሁሉንም ጥበብ አናድርገው።

ግን እኒያው አያቴ የሚያወሩት ሌላ ታሪክ አለ። በእርሻ ድንበር ጠብ አንድ ሰው ሞተ፤ የሟች ወገን ደሙን ሊመልስ ተነሣ። ገዳዩ ቆላ ወርዶ ጠፋ። እነሱም ታላቅ ወንድሙን ጠብቀው፣ ከወንዙ ማዶ ሆነው በአንድ ጥይት ጣሉት። ወንድምየው ጠቡ ውስጥ የሉበትም ነበር፤ ሲያርሱ ነው የተመቱት። አያቴ ይህን ሲጨርሱ ምን ይላሉ መሰላችሁ? «ተኳሹ ግን ተኳሽ ነበር። ከዚያ ርቀት!» ልጅ ሆኜ እኔም አብሬ ተደንቄያለሁ። የተሳሳተ ሰው ነው የሞተው፤ ጥይቱ ግን አልሳተም። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ቆመው ሳይ ምንም አልከነከነኝም።

አሁን ይከነክነኛል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ወደኋላ መሄድ አለብኝ፣ ወደ ጋፋት።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለች ቦታ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡትን ሚስዮናውያን ያሰፈሩት እዚያ ነው። ሰዎቹ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ሊያሰራጩ ነበር፤ የእጅ ሙያ ስለነበራቸው ንጉሡ መድፍ አስጣሏቸው። ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. እዚያ ተቀርጾ ወጣ፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ዛሬ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ እሳቸው መንገዱን እያስጠረጉ፣ ገደሉን እያስደረመሱ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ የንጉሡ ጦር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ገጠመ። እንግሊዞቹ የያዙት ስናይደር የሚባል አዲስ ጠመንጃ ነበር። ጥይት የሚጎርሰው ከአፈሙዙ ሳይሆን ከኋላው ነው፤ ስለዚህ ወታደሩ ቆሞ ባሩድ ሲጠቀጥቅ አይውልም፣ በደቂቃ ወደ አሥር ጊዜ ይተኩሳል። የአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ስላለው ጥይቱ እንደ እንዝርት እየሾረ፣ ሳይወላገድ ይሄዳል። ዝናብ ነበረ። በኛ በኩል ወደ 700 ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ፊታውራሪ ገብርዬ ከእነሱ አንዱ ናቸው። በእንግሊዝ በኩል የቆሰሉት 20፣ ከቁስለኞቹ የሞቱት 2። ያ ሁሉ ላብ የፈሰሰበት ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ። ስናይደር ግን ወደ ቋንቋችን ገባ፤ «ሰናድር» ሆኖ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስሏ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት በምስጋና የላከችላቸው ነበር።

እዚህ ታሪክ ላይ ብዙ የተባለ አለ፤ እኔን የያዘኝ ርቀቱ ነው። ሽጉጡ ርቀት የለውም። ማን ማንን እንደገደለ፣ ለምን እንደገደለ ጥያቄ አይነሣም፤ የተኳሹም የሟቹም ስም አንድ ነው። መድፉ ሩቅ ነው፣ ግን «እኔ የማደርገውን አያለሁ» ብሎ አይዋሽም፤ ዕውር መሆኑን ያውቃል። በመካከላቸው ያለው ስናይደር ነው አዲስ ነገር ይዞ የመጣው፦ ሽጉጥ የሚያህል ትክክለኛነት ከመድፍ ርቀት። የአሮጌው ወታደር የፊታውራሪ ገብርዬን ቀይ ልብስ አይቶ መምታት ይችላል። ገብርዬ ማን እንደሆኑ ማወቅ ግን አይጠበቅበትም።

ጋፋት መድፍ ከጣሉት አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነበር፤ ከንጉሡ ወዳጅ ከጆን ቤል ልጅ ጋር የተጋባው። ይህ ሰው ከመቅደላ በኋላ ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በኋላም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ፤ ጦርነትን ፈጽሞ የማይቀበሉትን የኩዌከሮችን ማኅበርም ተቀላቀለ። እኛ ደግሞ ቢሾፍቱ አካባቢ ላለው የክላሽ ዓይነት ጠመንጃ ለሚሠራው ፋብሪካችን «ጋፋት» ብለን ስም አወጣን። ጋፋትን ሠሪውና እኛ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የወጣነው።

እንዲያው አጋጣሚ ሆኖ፣ መቅደላ ከወደቀ ከስምንት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1861 ዓ.ም.፣ የአውሮፓ መንግሥታት ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ተሰብስበው ክብደቱ ከ400 ግራም በታች የሆነ ፈንጂ ጥይት ላለመጠቀም ተስማሙ። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ የጦርነት ተገቢ ዓላማ የጠላትን ጦር ማዳከም ብቻ ነው፤ ለዚያ የማይጠቅም ሥቃይ መጨመር ከሰብአዊነት ሕግ ውጭ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ዛሬም የጦር ሕግ መሠረት ነው። በዚያ መንገድ ካሰብን የማይስት ጠመንጃ ደግ ጠመንጃ ይሆናል፦ አንድ ሰው፣ አንድ ጥይት፣ ጎረቤት አይነካ። ለአጎቴ ልጅ የነገርኩትም፣ ሳላውቀው፣ ይህንኑ ነው።

ያላየሁት፣ ስሕተት ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንዱ መሳት ነው፤ ያሰብከውን ትተህ ሌላውን መምታት። ሁለተኛው ማሰቡ ራሱ ሲበላሽ ነው፤ ያሰብከውን በትክክል መምታት፣ ያሰብከው ግን መመታት የሌለበት ሰው ሆኖ ሲገኝ። መነጽሩ፣ ቦዩ፣ ሥልጠናው የሚያርሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ የመጀመሪያው ሲታረም ሁለተኛው ይደበቃል። የሳተ ጥይት ሲኖር ሁላችንም «ምነው?» እንላለን። ያልሳተ ጥይት ግን ራሱ ማስረጃ ይመስላል፤ «ከዚያ ርቀት!» እንላለን እንደ አያቴ።

የአጎቴ ልጅ ነገሩን የነገረኝ ያን ዕለት ማታ ነው፣ ጅራፉ ካስደነገጠው በኋላ። የት እንደነበረ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ሸንተረር ላይ ከጓዱ ጋር ከንጋት ጀምሮ ተኝተዋል። ከታች መንደር አለ። የተሰጠው ምልክት ይሄ ነው፦ ረጅም ሰው፣ ቡኒ ብርድ ልብስ የደረበ፣ ከጥግ ካለው ቆርቆሮ ቤት የሚወጣ። ርቀቱ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ። መነጽሩ አራት እጥፍ ያቀርባል፤ ስለዚህ ሰውዬው ሰባ አምስት ሜትር ላይ የቆመ ያህል ነው የሚታየው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይቱ ቆላ ላይ ከሚወርደው ያነሰ እንደሚወርድ፣ ቁልቁል ሲተኮስ ደግሞ ዝቅ ተደርጎ እንደሚታለም፣ ይሄን ሁሉ አስልቶ ጨርሷል። የቀረው ትእዛዝ ብቻ ነው።

«ወጣ» አለኝ። «ረጅም ነው። ቡኒ ብርድ ልብስ ደርቧል። ፊቱን ታጠበ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ክሩ ተበጠሰበት መሰለኝ፣ እጁ ወደ ኋላ ሄደ። ተናደደ፤ ጫማውን ወረወረው። ትንሽ ቆይቶ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሄዶ አነሣው። እትዬ፣ ክሩ ሲበጠስ እኔ 'አይ!' አልኩ። አፌ ነው የተናገረው። ጓዴ ዞሮ አየኝ።»

ሮበርት ግሬቭስ የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ፈረንሳይ ውስጥ መኮንን ነበር። በባለ መነጽር ጠመንጃ ሲመለከት አንድ ጀርመናዊ ገላውን ሲታጠብ አየ። ራቁቱን ያለ ሰው መተኮስ አስጠላው። ታዲያ ምን አደረገ? ጠመንጃውን አጠገቡ ለነበረው ሳጅን አቀበለው፤ ሳጅኑ ተኮሰ። ግሬቭስ ይህን ሳይደብቅ ጽፎታል። ይህን ታሪክ የሚያነሡ ሰዎች የሚያተኩሩት ግሬቭስ ጣቱን ማንሣቱ ላይ ነው። እኔ የማስበው ሳጅኑን ነው። መነጽሩ ለሁለቱም አንድ ነገር ነው ያሳየው። አንዱ ሰው አየ፣ ሌላው ጀርመናዊ አየ። መሣሪያው በመካከላቸው አልፈረደም፤ መፍረድ አይችልም።

ወደ ሸንተረሩ ልመለስ። ሬዲዮው ጠየቀ፦ «ታየህ?» የአጎቴ ልጅ አፉን ሳይከፍት ከዚያው ቤት ሌላ ሰው ወጣ። ረጅም ነው። ቡኒ ብርድ ልብስ ደርቧል።

ምን አለፋችሁ፣ በደጋ ግማሹ ሰው ብርድ ልብስ ነው የሚደርበው። ገበያ ላይ ያው አንድ ነጋዴ ነው የሚሸጠው።

«ታየህ ወይ? ከታየህ እርምጃ ውሰድ» አለ ሬዲዮው። (ይህን ቃል ስንሰማ ኖረን ሳናስተውለው ቀረን። ያ ተኝቶ ያለ ሰው አንድ እርምጃ አይራመድም። የሚንቀሳቀሰው አንድ ጣቱ ነው።)

«ጭጋግ ነው» አለ የአጎቴ ልጅ። «ምንም አይታይም።»

ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ነበር። ጓዱ ዝም አለ። ሬዲዮውም «ጠብቅ» አለ። ጠበቁ። ጭጋጉ እንደማይገፍ ሆኖ ዋለ፤ ማታ አነሧቸው።

ከዚህ ታሪክ ቶሎ ጀግና ማውጣት አልፈልግም፤ እሱም አይፈልግም። ከሁለቱ አንዱ በእርግጥ የሚፈለገው ሰው ሊሆን ይችላል። ሰው የገደለ፣ ነገም የሚገድል ሊሆን ይችላል። የአጎቴ ልጅ በዚያች ውሸት ሁለት ሰው አድኖ፣ ሦስተኛ ሰው አስገድሎ ሊሆን ይችላል። እስከ ዛሬ አያውቅም። «ያ ሰው እሱ ከነበረስ?» እያለ ሌሊት ይነሣል። የእኔ ያ ሒሳብ፣ «ከሚረጭ የሚያይ ይሻላል» ያልኩት፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ምላሱ ታሰረ። አይቷል። ከማንም አስበልጦ አይቷል። የጫማ ክር ሳይቀር። ያላየው ማንነቱን ነው፤ ማንነት ደግሞ በየትኛውም መነጽር አይታይም።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣ ነገሩ የተከፈለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። መነጽር የሚያሳየው ድርጊት ነው። ሰው ልጅ አግቶ አንገቱ ላይ ቢላ ቢያደርግ፣ ድርጊቱ እዚያው መነጽሩ ውስጥ አለ፤ የሰውዬው ስም ማን እንደሆነ፣ የማን ወገን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም። እዚያ ላይ የማይስት ጠመንጃና የማይንቀጠቀጥ እጅ እውነትም ምሕረት ናቸው፤ እኔ ዛሬም የአጎቴን ልጅ ለዚያ ቀን ሂድ እለዋለሁ። ቡኒ ብርድ ልብስ ግን ድርጊት አይደለም። ምልክት ነው፤ ሌላ ሰው፣ ሌላ ቦታ ተቀምጦ፣ ከሌላ ሰው ሰምቶ የነገረው ምልክት። እሱን ለመተኮስ መነጽሩ ምንም አልጨመረም፤ ያው ከወንዝ ማዶ ሆኖ የገዳዩን ወንድም መምታት ነው። ዛሬ በክልላችን ሰማይ ላይ የሚዞረው ድሮንም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም፤ ካሜራው የቱንም ያህል ቢጠራ የሚያሳየው የሰዎችን መሰብሰብ ነው፣ ለምን እንደተሰበሰቡ አይደለም። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በሰልፈኞች ላይ ተተኩሶ፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንዳለው ቢያንስ 30 ሰው ሞቷል። እዚያ መነጽር ቢደረግ ምን ይታይ ነበር? የሚጮህ አፍ፣ የተነሣ እጅ። ጠመንጃው ቢጠራ፣ ባይጠራ ልዩነቱ ምንድን ነው?

«ወታደርስ? ወታደር የሚተኩሰው በመለዮ ነው፣ እሱም ምልክት ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን መለዮ ሰው በራሱ ላይ የሚያደርገው ምልክት ነው፤ «እኔ ተዋጊ ነኝ» ብሎ መናገር ነው። አገራችን ውስጥ ከመለዮ በፊት ፉከራ ነበር። «ዘራፍ! የእገሌ ልጅ!» ሲባል ሽለላ ብቻ ይመስለናል፤ እኔ ግን እንደ ሕግ ማየት ጀምሬያለሁ። ፎካሪው ስሙን ይናገራል፣ አባቱን ይጠራል፣ ሊመታ እንደመጣ ያስታውቃል። በ1982 ዓ.ም. ሃቫና ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ ፖሊስ ኃይልና መሣሪያ አጠቃቀም ያወጣው መርሕ ውስጥ ይህንኑ የሚመስል አንቀጽ አለ፦ የሕግ አስከባሪ ከመተኮሱ በፊት ማንነቱን ይግለጽ፣ በግልጽ ያስጠንቅቅ፣ ማስጠንቀቂያው እንዲሰማም ጊዜ ይስጥ፤ ያን ማድረጉ ሰው ለሞት የሚዳርግ ካልሆነ በቀር። አስቦ መግደል ደግሞ ሕይወት ለማዳን ሌላ መንገድ ፈጽሞ ሲጠፋ ብቻ ነው የተፈቀደው። ቀበቶው ላይ ማካሮቭ የታጠቀ ተራ ፖሊስ ይህን ማድረግ ይችላል። ሽጉጥ የንግግር ርቀት መሣሪያ ነው፤ «ቁም!» ይባልበታል፣ ሰውዬውም «እኔ ነኝ፣ ምን አደረግኩ?» ሊል ይችላል። ሸንተረር ላይ የተኛው አይችልም። ሥራው አለመታወቅ ነው። ከታች ያለው ሰው «ተሳስተሃል፣ እኔ ወንድሙ ነኝ» የሚልበት ቦታ የለውም፤ ጥይቱ ከድምፅ ይፈጥናል።

አያቶቻችን አድፍጠው አልተኮሱም ማለቴ አይደለም። አርበኛው ጣሊያንን የጣለው በደፈጣ ነው፣ ጣሊያኑ ግን መለዮ ነበረው፤ ከሌላ አገር መጥቶ በር ላይ ቆሟል። አሁን የምንተኳኮሰው አንድ ገበያ ብርድ ልብስ የምንገዛ ሰዎች ነን።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ልጅ ነገርኩት። ድርጊትና ምልክት ምናምን ብዬ። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ሙልሙሉን እንደ ልጅነቱ ከቅርፊቱ እየላጠ ይበላል። ስጨርስ፣ «እትዬ፣ አንቺ የምትይው ገብቶኛል። እኔ ግን ከምልክት ውጭ ምን አገኛለሁ? ሁልጊዜ ልጅ የያዘ ሰው አይመጣልኝም» አለ። እውነቱን ነው። በአብዛኛው ቀን የሚሰጠው ብርድ ልብስ ነው።

ከዚያ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው አሁንም ያልመለስኩት። «ለአለቃዬ ዋሽቻለሁ። ንስሐ ልግባበት ወይ?»

የአለቃው ሬዲዮ፣ የጠራው ሰማይ፣ የተበጠሰው ክር፣ ሁሉም ፊቴ መጣ። አንዴ «ሂድ» ብዬ የመለስኩ ሰው ሁለተኛ ልመልስ? የነፍስ አባትህን ጠይቅ አልኩት።

«ጠይቄያቸዋለሁ» አለኝ።

«ምን አሉህ?»

«'ጭጋግ ነበረ ወይ?' አሉኝ። 'አልነበረም' አልኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።» ተነሥቶ ፍርፋሪውን ከልብሱ አራገፈ። ውጭ ልጆቹ ጅራፋቸውን ሰቅለው ችቦ ሊያበሩ ተሰብስበው ነበር፤ እናቴም ከጓዳ፣ ቆሎ ይዛችሁ ውጡ እያለች ትጣራለች።